እትዬ በዛወርቅ ድልድይ ሲደርሱ ይወርዳሉ

በዚህ አገር የቤት መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ከመኪናው ጋር አንድ ሰው አብሮ ይገዛል። ሻጩ አይነግረውም፤ ሊብሬው ላይም አልተጻፈም። ቁልፉን ተቀብሎ ቤቱ ሲደርስ ግን ያ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። መንጃ ፈቃድ የለውም፣ መሪ ጨብጦ አያውቅም፣ ጋቢና ሲቀመጥ ግን ከባለ መኪናው የበለጠ ይነዳል። በአፉ ይነዳል፤ ዳሽቦርዱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይነዳል፤ በቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን እየረገጠ ይነዳል። ለአንዱ አማቱ ትደርሰዋለች፣ ለሌላው የመሥሪያ ቤት አለቃው። ለእኔ የደረሱኝ ጎረቤቴ እትዬ በዛወርቅ ናቸው።

መኪናዋን የገዛኋት በ1998 ዓ.ም. ነው። ለመንገድ ሥራ መጥቶ የነበረ አንድ መሐንዲስ ከቦንጋ ሲዛወር የለቀቀልኝ ባለ አራት በር ሰማያዊ አውቶሞቢል ነበረች። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ፣ የቀረውን ከመጽሐፍና ከሰው አፍ የለቀምኩ ሰው ነኝና መኪና ይኖረኛል ብዬ አልሜ አላውቅም። በመጀመሪያው ቀን ግቢዬ አስገብቼ ሞተሯን አጠፋሁና ብቻዬን ተቀምጬ «ተመስገን» እያልኩ ሳለ የጋቢናው በር ተከፈተ። እትዬ በዛወርቅ ቀይ ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ።

«እንኳን ደስ ያለህ ዋለ» አሉኝ። ወዲያው አንገታቸውን አስግገው በመስታወቱ ወደ ፊት ተመለከቱና፣ «ያንን አጥር አየኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አጥሩ የራሴ አጥር ነው። መኪናዋ ቆማለች። ቁልፏም ኪሴ ገብቷል።

እኚህ የጋቢናችን ሊቀመንበር፣ የድልድዮች ሁሉ የበላይ ተቆጣጣሪ፣ ክብርት እትዬ በዛወርቅ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የቀበሌውን የሴቶች ማኅበር ለብዙ ዓመት የመሩ ሴት ናቸው። ቁመታቸው አጭር ነው። ወንበሩ ላይ ሲደላደሉ የሚታያቸው ሰማይና የዛፍ ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ መንገዱን ለማየት በየደቂቃው ዳሽቦርዱን ይዘው ብድግ ይላሉ። ብድግ ባሉ ቁጥር ደግሞ የሚያስፈራ ነገር ያገኛሉ።

በሬ ቢያዩ «አየኸው?» ነው። የውኃ ጀሪካን የተሸከመች ሴት ብታልፍ «አየሃት?» ነው። ከማዶ አቀበት ላይ ያለ፣ እኛ ዘንድ ለመድረስ ሩብ ሰዓት የሚቀረው የጭነት መኪና ብቅ ቢል «አየኸው?» ነው። በመጀመሪያው ሰሞን «አየሁት እትዬ» እያልኩ በትሕትና እመልስ ነበር። ወር ሳይሞላ መመለሱን ተውኩት። ዝም ስል ደግሞ አላየም ብለው እንደገና ይጠይቁኛል። የሰው ልጅ ሳይመልስም መልሶም የሚጠየቅበት ቦታ ከፍርድ ቤት ሌላ ቢኖር የእኔ መኪና ነበረች።

ፍርሃት እንደ ጉንፋን ይጋባል። ዓመት ሳይሞላ ከእግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ምንም ሳይሆን እትዬ በዛወርቅ የሚረግጡት ተበሳ። እኔም ብቻዬን ስነዳ እንኳ ባዶውን ወንበር በዓይኔ ጠርዝ እያየሁ ፍሬን መያዝ ጀመርኩ። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል ካደረ ጠዋት መሪ ከመጨበጤ በፊት መዝሙረ ዳዊት እደግማለሁ። ቦንጋ ደግሞ ሌሊቱን ዝናብ የማይጥልበት ቀን ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት ዳዊቱን በቃሌ ያዝኩት፤ ይህም አንዱ የእትዬ በዛወርቅ ውለታ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን «ልውረድ» የሚሏት ቃል ናት።

የከፋ አገርን መንገድ የማያውቅ ሰው ይህን እንዲረዳልኝ ጥቂት ልናገር። በድሮ ጊዜ ወደ ደካ ወይም ወደ ሺሺንዳ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ሁሉ፣ ጭቃው የከፋ ቁልቁለት ወይም ያረጀ ድልድይ ሲደርስ ረዳቱ «ተሳፋሪ ይውረድ» ብሎ ሲጮህ ሰምቷል። ሽማግሌው ይወርዳል፣ አራሷ ትወርዳለች፣ ዶሮ ያንጠለጠለውም ይወርዳል። ሁሉም ጭቃውን በእግሩ ተሻግሮ ማዶ ይቆማል። አውቶቡሱ ባዶውን እየተንሸራተተ ይመጣል። ቢገለበጥ የሚሞተው ሾፌሩ ብቻ ነው የሚል ስሌት ነበር። ከተሻገረ ሁሉም ጫማውን ጠርጎ ይሳፈራል፣ ሾፌሩንም አንድ ሰው ይመርቀዋል።

ያ ልማድ ከእትዬ በዛወርቅ አጥንት አልወጣም። እኔ የያዝኩት የቤት መኪና መሆኑ፣ ከነሚስቴና ከነልጄ አራት ሰው ብቻ መሆናችን ለእሳቸው ለውጥ የለውም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የከተማው ድልድይ ላይ እንደርሳለን። «አቁም ዋለ፤ ልውረድ» ይላሉ። ወርደው ጃንጥላቸውን ይዘረጋሉ፤ ዝናብ ባይኖርም ይዘረጋሉ። ድልድዩን በእግራቸው ይመቱታል፣ በግራም በቀኝም ጎንበስ ብለው ወደ ታች ያያሉ፣ ይሻገሩና ማዶ ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ ይጠሩናል። አብራቸው የምትወርደው ልጄ ወንጌላዊት ብቻ ናት። የዚያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እጃቸውን ይዛ፣ እንደሳቸው ጎንበስ ብላ ወንዙን ታያለች። እኔ መሪዬን ይዤ ከበስተኋላ ሳያቸው አንድ ክፉ ሐሳብ ይመላለስብኝ ነበር። ከእግዚአብሔር የተሰወረ የለምና ልናዘዘው። «እኚህ ሴት እኛን ከነመኪናችን ለወንዙ አሳልፈው ሰጥተው ራሳቸውን ያድናሉ» እል ነበር።

አንድ ጊዜ ሺሺንዳ ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ቆርቆሮና ሚስማር ነጋዴው ወዳጄ ሰላሐዲን አብሮን ተሳፈረ። እትዬ በዛወርቅ አምስተኛ ጊዜ ሲወርዱ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ዋለ፣ ይህቺ መኪና ሁለት ሾፌር አላት፤ አንዱ ግን በእግሩ ነው የሚሄደው» አለኝ። እትዬ ተመልሰው ሲገቡ ደግሞ፣ «እትዬ፣ እንዲያው በዚያው ቀድመውን ይግቡና ለቅሶ ቤት ቦታ ይያዙልን» አላቸው።

«ሰላሐዲን፣ አንተ ሚስማር ስትገዛ አንድ በአንድ አታይም?»

«በኪሎ ነው የምገዛው እትዬ።»

«ለዚህ ነው ጣሪያዬ የሚያፈሰው» ብለው በሩን ዘጉ።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር። እኛ መሥሪያ ቤት ሰኞ ሌላውን ገምግመን ዓርብ ራሳችንን እንገመግም ነበር። እትዬ በዛወርቅ ደግሞ ይህን ልምድ ከማኅበራቸው ወደ መኪናዬ አዛወሩት። ግቢ ገብተን ሞተር ከጠፋ በኋላ ማንም አይወርድም።

«በጥንካሬ በኩል፣ ገበያው ጋ ክላክስ ነፍተሃል» ይላሉ፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው። «በድክመት በኩል ሰባት ነጥብ አለኝ።»

«ሰባቱን ነገ ቢነግሩን ምናለ እትዬ» ትላለች ሚስቴ ወሰንየለሽ ከኋላ። «ወጥ ጥጄ ነው የወጣሁት።»

«ስምንተኛ ነጥብ፤ ወጥ ጥዶ መንገድ መውጣት።»

እውነቱን ለመናገር ልናመልጣቸው ሞክረናል። አንድ እሑድ ወሰንየለሽና እኔ ሞተር ሳናስነሳ፣ ድምፅ እንዳይሰማ መኪናዋን በእጃችን ገፍተን ከግቢ አወጣናት። ወንጌላዊት መሪ ይዛለች፣ እኛ ከኋላ እንገፋለን። ላብ በላብ ሆነን መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቀዩ ጃንጥላ ቆሞ ጠበቀን።

«ባትሪዋ ሞተ እንዴ?» ብለው ጠየቁን፤ መልስ ሳይጠብቁም ጋቢና ገቡ።

እንዲህ እያልን 1999 ሐምሌ ደረሰ።

በሥላሴ ዋዜማ ወንጌላዊት ሆዷን አመማት። ሌሊቱን ስታቃስት አደረች፤ ጠዋት ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ በጣቱ ሆዷን ጫን አድርጎ ሲለቅ ልጄ የጮኸችውን ጩኸት አሁን ድረስ አልረሳውም።

«ትርፍ አንጀት ነው» አለኝ ወደ ጎን ወስዶ። «ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ ዛሬውኑ ጅማ ትድረስ። መኪና አለህ አይደል? አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ ደካ ሄዷል፤ እሱን ብትጠብቅ ይመሽብሃል። ቢፈነዳ ደግሞ…» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ወረቀቱን ሰጠኝ።

ብርድ ልብስና ጋቢ ለመያዝ ቤት በኩል አለፍን። ይዤ ስወጣ እትዬ በዛወርቅ ጋቢና ተቀምጠዋል። ወሰንየለሽ የልጃችንን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ በመስኮት ክንዴን ያዘችኝ።

«ዋለ፣ ዛሬ እንኳ እባክህ» አለችኝ በሹክሹክታ። «በየድልድዩ እየወረዱ ልጄን እንዳይገድሉብኝ።»

በሩን ከፈትኩና፣ «እትዬ፣ ዛሬ ይቅሩልን» አልኳቸው።

«ንዳ» አሉኝ።

ለመከራከር ጊዜ አልነበረኝም፤ ነዳሁ።

በዚያን ጊዜ ከቦንጋ ጅማ ያለው መንገድ ጠጠር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጠጠሩ ጭቃው ውስጥ ይሰወራል። ዝናቡ ሳያባራ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። የመጀመሪያው ድልድይ ሲታየኝ «ልውረድ» እስኪሉ ጠበቅሁ። ምንም አላሉም። ሁለተኛውም አለፈ፣ ምንም አላሉም። በግ መንገድ አቋረጠ፤ ዝም። የጭነት መኪና ጭቃ እየረጨብን አለፈ፤ ዝም። በዓይኔ ጠርዝ ሳያቸው የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ይዘዋል። ቀኝ እግራቸው ብቻ ምንጣፉን ይረግጣል።

ያ ዝምታ ከዝናቡም ከጭቃውም ይበልጥ አስፈራኝ። እሳቸው ሲለፈልፉ ፍርሃቱን ለእሳቸው ትቼ እነዳ እንደነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። አሁን ሁሉም በእኔ ላይ ወደቀ። ከኋላዬ ልጄ «እማዬ፣ ቀስ በል በይው» ትላለች፤ መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ታቃስታለች። ቀስ ካልኩ አልደርስም፤ ከፈጠንኩ አንጀቷ ይፈነዳል። «አቤቱ አንተ ምራኝ» እያልኩ መሪውን ጨበጥኩ።

ጊምቦን አልፈን ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁለቱን ስንጀምር ጭጋግ ወረደ። ከጫካው ውስጥ ወጥቶ መንገዱን ጥርግ አድርጎ በላው። የፊት መብራቱን ባበራ ነጭ ግድግዳ ሆነብኝ። በቀኜ ገደል እንዳለ አውቃለሁ፤ አይታየኝም። ቢሆንም አልቆምኩም።

«አቁም» አሉ እትዬ በዛወርቅ።

«እትዬ፣ በልጄ ነፍስ ይዤዎታለሁ።»

«አቁም ዋለ፤ ልውረድ።»

በሕይወቴ በታላቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ያን ዕለት ጮኽኩ። «ከወረዱ ጥዬዎት ነው የምሄደው» አልኳቸው። ወሰንየለሽ ከኋላ ማልቀስ ጀመረች።

«ጥለኸኝ ለመሄድ መጀመሪያ እኔን ማለፍ አለብህ» አሉና ወርደው ከመኪናዋ ፊት ቆሙ።

ጃንጥላቸውን ዘረጉ። በዚያ ሁሉ ነጭ መካከል የሚታየው እሱ ብቻ ነበር። ቀይ ነገር ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ፤ ተከተልኩት። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ በልቤ ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአሮጊት እርምጃ ልንወርደው ነው እላለሁ። ይህን ሳስብ ጃንጥላው መፍጠን ጀመረ። ልብ ብዬ ሳይ እትዬ በዛወርቅ ይሮጣሉ። በላስቲክ ጫማ፣ በዚያ ጭቃ፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ በአንድ እጃቸው ሰብስበው ይሮጣሉ። ሁለት ጊዜ ተንሸራተው ተነሱ። እኔም ማርሽ ጨመርኩ።

ድንገት ጃንጥላው ቆመ፤ ፍሬን ያዝኩ። ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ፣ እንደገና ወደ ቀኝ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

«መንገዱ እኔ የቆምኩበት ድረስ ነው። ከእኔ ወዲህ እለፍ።»

ቀስ ብዬ ቀረብኩ። ከመንገዱ ሥር ውኃ የሚያሻግረውን ቱቦ ጎርፍ ገምሶታል፤ ከመንገዱ የቀኙን እኩሌታ ይዞት ሄዷል። የቀረው መኪናዋን ልክ የሚያሳልፍ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ በጭጋጉ ስለማይለይ ራሳቸው ጠርዙ ላይ ቆመው ምልክት ሆኑልኝ። በአጠገባቸው ሳልፍ የመኪናዋ መስታወት ቀሚሳቸውን ነካው። ከተረከዛቸው በስተኋላ መሬት አልነበረም፤ ከታች የውኃው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከመኪና ወንበር ላይ ሆነው በግ የሚያስፈራቸው ሴት እዚያ ቆመዋል። ፊታቸውን አየሁት፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው በካፊኖኖ፣ በከፋዎች ቋንቋ፣ አምላካቸውን ይጠራል።

የኋላ ጎማዬ ጠንካራ መሬት ሲይዝ መኪናዋን አቆምኩ። እኔ በያዝኩት አነዳድ፣ በያዝኩት ጥግ ሄጄ ቢሆን ኖሮ የት እንደምንሆን ማሰብ እስከ ዛሬ አልጨርሰውም።

በሩ ተከፍቶ እትዬ በዛወርቅ ገቡ። ከራስ እስከ እግር ጭቃ ናቸው።

«አሁን ንዳ» አሉኝ። ነዳሁ።

ጅማ በሰዓቱ ደረስን። ወንጌላዊት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» አለ፣ ፈገግ ብሎም «ደህና ናት» አለን። ወሰንየለሽ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እኔ እትዬ በዛወርቅ አጠገብ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጭቃው ቀሚሳቸው ላይ ደርቋል።

«እትዬ» አልኳቸው፣ ጫማዬን እያየሁ፣ «ድልድይ ላይ የሚወርዱት ራስዎን ለማዳን ይመስለኝ ነበር።»

«መኪና ውስጥ ተቀምጬ ምን ይታየኛል? ሰማይ። መንገድን በእግር ነው የሚያዩት።» ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «በል፣ ግምገማ አለን።»

«እዚህ?»

«በድክመት በኩል፣ በታላቅ ሰው ላይ ጮኸሃል።»

«አዎ እትዬ።»

«በጥንካሬ በኩል…» ብለው ብዙ አሰቡ። አሥራ ስምንት ወር ሙሉ ከክላክስ ሌላ ጥንካሬ አግኝተውብኝ አያውቁም። «በጥንካሬ በኩል፣ ተከትለሃል» አሉኝ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ወደ ቦንጋ ተመለስን። ፀሐይ ወጥቷል። ወንጌላዊት ከኋላ እናቷ ላይ ተደግፋ ስለ ስፌቷ ታወራለች። ጎጀብን ተሻግረን አቀበቱን ስንወጣ ያቺ የተገመሰች ቦታ ብቅ አለች። ግንድ ረብርበው ድንጋይ ሞልተውባታል። የእጅ ፍሬን ይዤ ቆምኩና ጠበቅሁ። እትዬ በዛወርቅ አልተንቀሳቀሱም።

«እትዬ፣ አይወርዱም እንዴ?»

«ጉልበቴ ያን ቀን ሮጦ እስካሁን አልተመለሰም። አንተ ውረድ» አሉና ጃንጥላውን ሰጡኝ።

ወረድኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ቢሆንም ጃንጥላውን ዘረጋሁት፣ ሥርዓቱ እንደዚያ ነውና። ግንዱን በእግሬ መታሁ። በግራም በቀኝም ጎንበስ ብዬ ወደ ታች አየሁ። ያን ቀን በድምፅ ብቻ ያወቅሁትን ገደል በዓይኔ ሳየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ተሻግሬ ማዶ ቆምኩና ወደ መኪናዋ ዞርኩ። በሕይወቴ ያለኝ ነገር ሁሉ በአንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና ውስጥ ተጭኖ ከገደሉ ወዲያ ማዶ ቆሟል። ልጄ በመስኮት እጇን ታወዛውዛለች። ጋቢና ውስጥ አንዲት አጭር ሴት ዳሽቦርዱን ጨምድደው ብድግ ብለው ያዩኛል። እሳቸው በየድልድዩ ማዶ ቆመው የሚያዩት ይህንን ነበር። እንዴት አድርገው ዝም ሊሉ ይችሉ ነበር?

ተመልሼ ገባሁ። ጃንጥላውን አጥፌ መለስኩላቸው።

«አየኸው?» አሉኝ።

«አየሁት እትዬ።»

«እንግዲያው ንዳ።»